ጉልበቱ ወይም ዳሌው በቀዶ ሕክምና የተተካለትን ሰው ቤት ውስጥ እንዴት እንንከባከብ?

ታማሚው ከሆስፒታል ሳይወጣ ቤቱን ያሰናዱ። የሚንሸራተት ምንጣፍና ወለል ላይ የተዘረጋ ገመድ ይነሳ፤ ከአልጋው እስከ መጸዳጃ ቤት ሌሊቱን መብራት ይኑር። የክንድ መደገፊያ ያለው ጠንካራ ወንበር ያዘጋጁ። ሲቀመጥበት ጉልበቱ ከዳሌው ከፍ ካለ ወንበሩ አጥሯል ማለት ነው።

ጉልበቱ የተተካለት ሰው ሲተኛ ትራስ ከጉልበቱ ሥር አያድርጉ። ሕመሙን ስለሚያቀልለት ራሱ ይለምንዎታል፤ እምቢ ማለት ይከብዳል፤ ግን እምቢ ይበሉ። ታጥፎ የሚውል ጉልበት እንደታጠፈ ይደርቃል፤ በኋላ ቀጥ ብሎ መዘርጋት ያቅተውና ያነክሳል። ትራሱን ከተረከዙ ሥር አድርገው እግሩን ዘርግቶ ከፍ ያድርግ። በረዶ በፎጣ ጠቅልለው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያኑሩለት፤ ያለ ፎጣ ቆዳ ይጎዳል።

የሕመም ማስታገሻው ሐኪሙ ባዘዘው ሰዓት ይሰጥ። አንዱ መጠን ከእንቅስቃሴው ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ቢል ጥሩ ነው፤ ያመመው ሰው እግሩን አያጥፍም፣ አይዘረጋም። ጠንካራ ማስታገሻዎች ሆድ ስለሚያደርቁ ውኃና አትክልት ያብዙለት።

ሲነሳ እጁን ይዘው አይጎትቱት። የታከመውን እግር ወደፊት ዘርግቶ፣ በሁለት እጁ የወንበሩን መደገፊያ ገፍቶ ራሱ ይነሳ፤ እርስዎ አጠገቡ ይቁሙ። ምርኩዝ የሚያዘው ከታከመው እግር በተቃራኒ ባለው እጅ ነው። ደረጃ ሲወጣ ጤነኛው እግር ይቅደም፤ ሲወርድ የታከመው። ሱሪ ሲለብስ ከታከመው እግር ይጀምር፤ ሲያወልቅ ጤነኛውን ያስቀድም። ነቅቶ እስካለ ድረስ በየሰዓቱ ቁርጭምጭሚቱን 10 ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅስ፤ ይህ ደም እግር ውስጥ እንዳይረጋ ያግዛል።

ዳሌው የተተካለት ሰው ብዙ ጊዜ ወገቡን ከ90 ዲግሪ በላይ እንዳያጎነብስ፣ እግሩን እንዳያነባብር፣ የእግሩን ጣቶች ወደ ውስጥ እንዳያዞር ይነገረዋል። ክልከላው እንደ ቀዶ ሕክምናው ዓይነት ስለሚለያይ ሐኪሙን በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ።

ባቱ ካመመው፣ ካበጠ ወይም ከሞቀ አያሹት፤ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። የደም ማቅጠኛ መድኃኒቱንም «ተሽሎታል» ብለው አያቋርጡበት። ከቁስሉ መግል ከወጣ፣ ቅላቱ ከሰፋ ወይም ትኩሳቱ ከ38 ዲግሪ ካለፈ ሳይውሉ ሳያድሩ ለሐኪሙ ያሳውቁ። ድንገት ትንፋሽ ካጠረው ወይም ደረቱን ከወጋው ግን በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። ዳሌው በድንገት ክፉኛ ካመመውና እግሩ አጥሮ ከታየ መገጣጠሚያው ወልቆ ይሆናል፤ ሊያስነሱት ሳይሞክሩ አምቡላንስ ይጥሩ።