አክስቴ፣ ጉዲፈቻና የወታደር ቤት

ባለፈው ክረምት ጅማ ነበርኩ። አክስቴ ቡና አፍልታ፣ ቶናው ላይ ስንደርስ ነገሩን አመጣችው። «የወንድምሽን ልጅ ለምን አትወስጂውም? ባልሽ የአሜሪካ ወታደር አይደል? መንግሥት ይረዳችኋል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ግማሹ እውነት ነው። በዲቪ ገብታችሁ፣ ወይ እናንተ ወይ የትዳር ጓደኛችሁ ጦሩን ከተቀላቀላችሁ ይሄ ጥያቄ ይመጣባችኋል። መልሱን ይዛችሁ ቆዩ።

ጉዲፈቻ ቃሉ ራሱ ከኦሮምኛ የመጣ፣ የእኛ አገር ነገር ነው። ልጁ የቤቱ ልጅ ይሆናል፣ አለቀ። የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ግን የወንድም ልጅ፣ የእህት ልጅ ብሎ ቪዛ አይሰጥም። በግሪን ካርድ ላይ ያለ ሰው በጉዲፈቻ ያሳደገውን ልጅ ለማስመጣት፣ ጉዲፈቻው በአብዛኛው 16 ዓመት ሳይሞላው የተፈጸመ መሆን አለበት። በዚያ ላይ 2 ዓመት በሕጋዊ አሳዳጊነት አብሮት መኖር አለበት። እናንተ እዚያ፣ ልጁ ጅማ ሆኖ እንዴት ይሆናል? ኢትዮጵያም በጥር 2010 ለውጭ ዜጎች ጉዲፈቻ መስጠት አቁማለች። ፓስፖርታችሁ ከተቀየረ «የጅማ ልጅ ነኝ» ማለት ብቻ በቂ እንዳይመስላችሁ። «እኔ እጨርስላችኋለሁ» የሚል ደላላ ከመጣ ሰምታችሁ እንዳልሰማ እለፉት።

እዚያው አሜሪካ ልጅ ማሳደግ ለምትፈልጉ ግን ድጋፉ እውነት ነው። የአሜሪካ መከላከያ ለወታደሩ ለአንድ ልጅ እስከ 2,000 ዶላር፣ በዓመት ለአንድ ቤተሰብ እስከ 5,000 ዶላር ይመልሳል። *ይመልሳል* ነው ያልኩት። ቀድሞ አይሰጥም። ጉዲፈቻው በፍርድ ቤት ካለቀ በኋላ ዲዲ 2675 የሚባለውን ፎርም ሞልታችሁ ደረሰኝ ታያይዛላችሁ። የጉዞ ወጪ አይቆጠርም። እኔ ደረሰኞቹን በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነበር የማጠራቅመው፤ ባሌ ሳቀብኝ፣ ኋላ ግን ቆርቆሮውን ራሱ ነው የፈለገው።

ከታክስም አለ። ለ2025 የፌዴራሉ የጉዲፈቻ ክሬዲት፣ ማለትም ከምትከፍሉት ታክስ ላይ የሚቀነሰው፣ እስከ 17,280 ዶላር ይደርሳል። ጦሩ የመለሰላችሁን ወጪ ግን እዚህ ደግማችሁ ማስገባት የለም። ገንዘብ ለሚያሳስበው ደግሞ በክፍለ ግዛቱ ፎስተር ኬር፣ ማለትም መንግሥት ከወላጆቻቸው የተለዩ ልጆችን በጊዜያዊ አሳዳጊ በሚያኖርበት ፕሮግራም፣ በኩል ማሳደግ ወጪው ከምንም አይቆጠርም።

ለእኔ ከገንዘቡ ይልቅ ዕረፍቱ ነው የበለጠው። በፈረንጅ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ልጅ በጉዲፈቻ የተቀበለ ወታደር 12 ሳምንት ፈቃድ አለው። ልጁ እናንተ ጋር እንደገባም ዲርስ በሚባለው የወታደር ቤተሰብ መዝገብ ላይ አስመዝግቡት፤ ትራይኬር፣ የወታደሩ የጤና ኢንሹራንስ፣ የሚያሳክመው ከዚያ በኋላ ነው።

ትልቁ ጣጣ ዝውውር ነው። ሆም ስተዲ፣ ማለትም ሶሻል ወርከር ቤታችሁ መጥታ የምታጠናው ጥናት፣ ግማሽ ላይ እያለ ወደ ሌላ ስቴት ከተዛወራችሁ መታደስ ወይም ከሥር መጀመር ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ ሳትጀምሩ አዛዡን ጠይቁ። አንዳችሁ ግዳጅ ከሄዳችሁ የካምፑ የሕግ ቢሮ ውክልና በነፃ ያዘጋጅላችኋል። ሚሊተሪ ዋንሶርስ የሚባለው የወታደር ቤተሰቦች አገልግሎትም በስልክ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ በነፃ ያማክራል። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ አትፈሩ።

የጅማ ወረቀቶቻችሁን አስቀድማችሁ አዘጋጁ። የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከነትርጉማቸው። የእኛን የጋብቻ ወረቀት ለማውጣት ዘመድ ስንት ቀን ቀበሌ እንደተመላለሰ አልነግራችሁም።

አክስቴ ይሄን ሁሉ ሰምታ ዝም አለች። በረካውን ቀድታ ሰጠችኝና «እንግዲያው የትምህርት ቤቱን ክፍያ በየወሩ ላኪ» አለች። እየላክሁ ነው።