የእንግሊዙ ንጉሥ ልደት መቼ ይውላል? ለባሕር ዳር አስጎብኚዎችና ለጀልባ ባለቤቶች

በቤዛዊት ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥት ያሠሩት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የተወለዱት ሐምሌ 16 ነው፤ በዘመናቸው በዓሉ በመላ አገሪቱ የሚከበረውም በዚያው ቀን ነበር። የንጉሥ ቻርለስ 3ኛ ግን እንደዚያ አይደለም። የተወለዱት ኅዳር 5 ቀን (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 1948) ሆኖ ሳለ፣ በእሳቸው ዘውድ ሥር ያሉ አገሮች ልደታቸውን በየፊናቸው ያከብራሉ። ስለዚህ፣ በዕለቱ ሥራ ስለሚዘጋም፣ የጉዞ ቀብድ ከአውስትራሊያ ስትጠብቁ አገሩን ብቻ ሳይሆን ግዛቱንም ጠይቁ።

ጁን 8 ምንጊዜም ሰኔ 1 ነው። ይህን ከያዛችሁ ሁለቱ ዋና በዓላት ስሌት አይፈልጉም። ኒውዚላንድ የጁንን የመጀመሪያ ሰኞ ታከብራለች፤ ለእኛ የግንቦት የመጨረሻው ሰኞ ነው። ሲድኒና ሜልበርን የሚያከብሩት የጁን ሁለተኛው ሰኞ ደግሞ የሰኔ የመጀመሪያው ሰኞ ይሆናል። ጁን የተመረጠው ጆርጅ 5ኛ በዚያ ወር 3 ቀን ስለተወለዱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1936 ሲሞቱም አውስትራሊያ ወሩን አልለቀቀችም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በብሪዝበንና በፐርዝ ነው። ብሪዝበን ያለችበት ኩዊንስላንድ በኦክቶበር የመጀመሪያ ሰኞ ያከብራል፤ ከመስከረም 21 እስከ 27 ባለው ሰኞ ማለት ነው። ዘመነ ዮሐንስ ከሆነ ግን (ለምሳሌ 2020) ያለፈው ጳጉሜን 6 ስለነበር አንድ ቀን ቀንሱ፦ ከ20 እስከ 26። ፐርዝ ያለችበት ምዕራብ አውስትራሊያ የሚያከብርበትን ቀን አገረ ገዥው በአዋጅ ይወስነዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሴፕቴምበር የመጨረሻው ሰኞ፣ የመስቀል ሰሞን ነው። ጁን መጀመሪያ ላይ የግዛቱ የራሱ በዓል አለበት።

ካናዳ እስከ ዛሬ የምትከተለው የንግሥት ቪክቶሪያን ልደት ነው። ከሜይ 25 በፊት ያለውን ሰኞ፣ ማለትም ከግንቦት 10 እስከ 16 ያለውን ውሰዱ። ግንቦት 17 ራሱ ሰኞ ከዋለ በዓሉ ግንቦት 10 ነው እንጂ 17 አይደለም።

በብሪታንያ የንጉሡ ልደት ሰልፍ በጁን ቅዳሜ ስለሚደረግ ሥራ አይዘጋም።

ሰዓቱንም አስቡ። ሲድኒ በሰኔ ከእኛ በ7 ሰዓት ትቀድማለች፤ በዓሉ የሚጀምረው እዚህ እሑድ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን፣ ቢሮ የሚከፈተው ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነው። ሰኞ ቀብዱ አልገባም ብላችሁ ለዘጌ የተያዘውን ጀልባ ለሌላ አትስጡ፤ ቢያንስ እስከ ረቡዕ ጠብቁ።