ከመሰንቆ በፊት ምን ይጠጣ፣ ምን ይቅር

ባሕር ዳር የአዝማሪ ቤት ምሽት ላይ ታዳሚው ጠጅና አረቄ ይጋብዛል። መሰንቆ ግን ጣት የሚያርፍበት ምልክት የለውም፤ ድምፁን የሚያገኙት ጆሮና ጣት ብቻ ናቸው፣ አልኮል ቶሎ የሚያደበዝዘውም እነሱን ነው። ተጫዋቹ ዘና ሲል የተዋጣለት ይመስለዋል፣ አንቺሆዬው ግን ከቅኝት ይወጣል። ግብዣውን አመስግናችሁ ተቀበሉና ጨዋታው እስኪያልቅ አቆዩት። እስከዚያ ውኃ።

ቡና ከሆነ ከመድረክ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ አቦሉ ይበቃል። ቶናና በረካ ሲደራረቡ ደጋን የያዘው እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ረጅሙ ስበት ይቆራረጣል። ጫት አፍ ያደርቃል፤ ለሚያዜም አይሆንም።

በመድረክ ፍርሃት ለሚንቀጠቀጡ ፕሮፕራኖሎል የሚባል ክኒን አለ። የልብ ምትን ያረጋጋል፤ አስም ላለበት ግን የአየር ቧንቧን ሊያጠብ ስለሚችል ከጓደኛ ተቀብሎ መዋጥ አደገኛ ነው። ሐኪም ካዘዘውም መጀመሪያ በልምምድ ቀን ይሞከር።