ለቅሶ ቤት ገብተን የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት እዚህ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር አንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ነበር። ልጇን በቀበረች በማግስቱ ነው። እናትየው ፍራሽ ላይ ግድግዳውን ተደግፋለች። አንዲት ሴትዮ ገብታ አቀፈቻትና ሁሉም እየሰማ «የኔ እህት፣ የቁልቢውን ስለት አስገብተሽ ነበር ግን?» አለቻት። ቤቱ ጸጥ አለ። እናትየው ቀና ብላ አየቻት። አፏን ከፈተች፣ ምንም ቃል አልወጣትም። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ እህል አልቀመሰችም።

ከሃያ ዓመት ገደማ ጀምሮ በእድራችንና በጽዋ ማኅበራችን በኩል ለቅሶ ቤት አገለግላለሁ። ብዙ ስህተት አይቻለሁ፣ ብዙውንም ራሴ ሠርቼዋለሁ። ያ ቀን ግን ዝም ብዬ እንዳላልፍ አደረገኝ።

ለሞቱ ምክንያት መፈለግ

ከሁሉ የከፋው ይኸው ነው። ቁልቢ ለእኛ ለድሬዎች ቅርባችን ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሲደርስ በእግሩም በመኪናውም የማይወጣ የለም። መካን የተባለች ተስላ ወልዳ፣ ልጇን አዝላ ጃንጥላ ይዛ ስትሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔም ተስዬ የሰመረልኝ ነገር አለ። ስለዚህ ስለትን አቅልዬ አልናገርም። ነገር ግን ስለት ስለዘገየ መልአኩ ሕፃን ይገድላል ብለን ስናወራ መልአኩንም እናቲቱንም እንበድላለን። እናቲቱ ያን ቃል ይዛው ትኖራለች። ሌሊት ሌሊት «እኔ ነኝ የገደልኩት» እያለች ታድራለች።

ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው «ማን ነው ኃጢአት የሠራው፣ እሱ ወይስ ወላጆቹ?» ብለው ጠየቁ። ጌታ «እሱም አይደለም፣ ወላጆቹም አይደሉም» አለ። የኢዮብ ወዳጆችም ጥፋታቸው ይኸው ነበር። ሲመጡ ግሩም ነበሩ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ተቀመጡ፣ ሕመሙ እጅግ እንደ በዛ አይተው አንዲት ቃል አልተናገሩም። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱና «አንድ ነገር ብታጠፋ ነው እንጂ!» ማለት ጀመሩ። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው በማን ነው? ሲጮህና ሲሟገት በከረመው በኢዮብ ሳይሆን በእነሱ ነው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ «ሐኪም ቤት ቶሎ ብትወስዱት ኖሮ» አትበሉ። «ያንን ሞተር ለምን ገዛችሁለት» አትበሉ። «ሰው ዓይን ገብቶ ነው» አትበሉ። ሐዘንተኛው ይህን ሁሉ ለራሱ ሺህ ጊዜ ብሎታል።

የኢዮብን ቃል ለኢዮብ መንገር

«እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔርም ነሣ» የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ትልቅ ቃል ነው። ግን ማን እንደተናገረው ልብ በሉ። ልጆቹን ያጣው ኢዮብ ራሱ ነው የተናገረው። ከውጭ የመጣ ሰው አልነገረውም።

እኔ ይህን የተማርኩት ሰው ጎድቼ ነው። ገና ወጣት ሳለሁ የሦስት ዓመት ልጇን ላጣች ጎረቤቴ «እግዚአብሔር ስለወደደው ነው የወሰደው» አልኳት። የሚያጽናና መስሎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ እሷን ቤተ ክርስቲያን ማየት አቆምን። ከብዙ ወራት በኋላ ቡና ላይ «እኔም እኮ እወደው ነበር» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ያንን ሁሉ ጊዜ እግዚአብሔርን ልጅ እንደሚነጥቅ አድርጋ ስታስበው ኖራለች፣ ያስተማርኳትም እኔ ነበርኩ። ይቅርታ ጠየቅኳት። አሁንም ሳስበው ልቤ ይደማል።

ሐዘንተኛው ራሱ ያንን ቃል ሲናገር አብራችሁ «አሜን» በሉ። ቀድማችሁ አፉ ውስጥ አትክተቱለት።

«አታልቅሺ፣ እምነት የለሽም እንዴ?»

ጌታችን አልዓዛርን ከደቂቃዎች በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ ወደ መቃብሩ ሲሄድ አለቀሰ። ይኸው ይበቃል። ሐዋርያው ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍም «ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች ደግሞ እንዳታዝኑ» ነው ያለው። ሰዎች ግን «እንዳታዝኑ» የምትለዋን ብቻ ቆርጠው ይዘው ይመጣሉ። እኛ ተስፋ ይዘን እናዝናለን፣ እያለቀስን ትንሣኤን እንጠብቃለን። ፍትሐቱ፣ ሰልስቱ፣ አርባው፣ ሙት ዓመቱ የተሠሩት ሐዘን ጊዜ እንደሚፈልግ አባቶቻችን ስለሚያውቁ ነው። ለሮሜ ሰዎችም «ከሚያለቅሱም ጋር አልቅሱ» ተብሎ ነው የተጻፈው።

ረጅም ስብከት

በዚያ ሙቀት፣ ድንኳን ውስጥ፣ ሁለት ሌሊት ላልተኛ ሰው የአንድ ሰዓት ትምህርት አይሰጥም። አንድ መዝሙረ ዳዊት አንብቡ፣ አጭር ጸሎት አድርጉ፣ ተቀመጡ።

«የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ ደውይልኝ»

ማንም አይደውልም። ሐዘንተኛ ምን እንደሚያስፈልገው አያውቅም። እንጀራ መኖሩን ራሳችሁ እዩ። ውኃ ጠፍቶ ከሆነ ጀሪካኑን ሙሉ። ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሱ። ባሏ የሞተባት ሴት ለሞት ምስክር ወረቀቱ፣ ለጡረታው፣ ለባንኩ ስትመላለስ ወረፋውን አብራችሁ ያዙላት።

ለቅሶ መድረስ ምን እንደሆነ ያየሁት በ1998 ዓ.ም. ክረምት ነው። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የምናውቀው የደቻቱ ወንዝ ሌሊት በድንገት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው የወሰደ ጊዜ። ከተማው በሙሉ ሐዘንተኛ ነበር፤ ማን ማንን ያጽናና? አንዲት ሙስሊም ጎረቤታችን በየቀኑ ጠዋት ሆጃ የሚባለውን ትኩስ መጠጥ በፔርሙስ ይዘው ይመጡ ነበር። ባሏንና ልጇን ላጣችው ሴት ይቀዱላታል፣ እስክትጠጣ አጠገቧ ይቀመጣሉ፣ ስኒውን አጥበው ይሄዳሉ። አንድም ቀን ሲመክሯት አልሰማሁም። ነቢዩ ኤልያስ «ነፍሴን ውሰድ» ብሎ ዛፍ ሥር በተኛ ጊዜ መልአኩ ምን ይዞ መጣ? እንጎቻና ውኃ። አበላው፣ እንደገና አስተኛው፣ እንደገና አበላው። ጥያቄና መልሱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

መርዶን በፌስቡክ

ጅቡቲ የምትሠራ ልጅ የአባቷን ሞት ያወቀችው ሥራ ቦታ ሆና፣ ሰው ፎቶውን ለጥፎ «ነፍስ ይማር» ብሎ አይታ ነው። ብቻዋን ነበረች። ሽማግሌዎች ማለዳ ተሰብስበው፣ ጎረቤት ይዘው መርዶ የሚነግሩት ሰውየው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ እንዲኖር ነው። ቤተሰብ በሙሉ መስማቱን ሳታረጋግጡ ምንም አትለጥፉ።

ድንኳኑ ሲነሳ አብሮ መነሳት

እኛ መጀመሪያ ላይ ጎበዞች ነን። እድሩ ወንበሩን፣ ብረት ድስቱን፣ ንፍሮውን ያቀርባል፣ ቀብር ላይ ሰው ይጎርፋል። ከሰልስት በኋላ ድንኳኑ ይነቀላል፣ ወንበሩ ይቆጠራል። ቤቱ በአንድ ጊዜ ባዶ ይሆናል። ሐዘን የሚበረታው ያኔ ነው። በተለይ ከሰዓት በኋላ፣ ከተማው ከሙቀቱ የተነሳ በሩን ዘግቶ በሚተኛበት ሰዓት። አንድ ባለቤታቸውን ያጡ አዛውንት «ዘጠኝ ሰዓት ትገድለኛለች» ይሉኝ ነበር። አብረው ቡና የሚጠጡባት ሰዓት ነበረች።

እኔ የማደርገው ይህን ነው። የሞተበትን ቀን ስልኬ ላይ እመዘግባለሁ። በአሥራ አምስተኛው ቀን እሄዳለሁ፣ በአርባውም፣ በሦስተኛው ወርም። የመጀመሪያው ፋሲካና የመጀመሪያው እንቁጣጣሽ ላይ በፍጹም አልቀርም። የሟቹንም ስም እጠራለሁ። ሰው «እንዳላስታውሳት» ብሎ ስሙን ይሸሻል። እሷ መቼ ረስታው!

ሕፃናትን መዋሸት

«አባዬ ውጭ ሀገር ሄዷል» የተባለ ልጅ ባጃጅ በር ላይ በቆመ ቁጥር ሲሮጥ አይቻለሁ። ሞቷል በሉት። አቅፋችሁ ንገሩት።

ለራሳችሁ፣ ላዘናችሁት

እግዚአብሔርን ተቆጥታችሁ ከሆነ አትደብቁት፤ ለእሱው ንገሩት። በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ «ለምን?» እያሉ የሚጮኹ ጸሎቶች ብዙ ናቸው። 88ኛው መዝሙር (በግእዙ ዳዊት 87ኛው) ጨለማ ላይ ነው የሚያልቀው፣ ሆኖም ጸሎት ነው። መጸለይ ካቃታችሁ «አቤቱ» ብቻ በሉ። እሱም ካቃታችሁ ቅዳሴ ገብታችሁ ቁሙ፣ ሌላው ይጸልይላችኋል። ለንስሐ አባታችሁ እውነቱን ንገሩ።

ለተዝካር ብላችሁ ግን አትበደሩ። ፍትሐቱና ጸሎቱ ድግስ አይጠይቅም።

ሳምንታት አልፈውም መብላትና መተኛት ካልቻላችሁ፣ ወይም መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣ፣ በዚያው ቀን ለሰው ንገሩና ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ጸበሉን እየተጠመቁ ሕክምናውንም መከታተል ይቻላል።

ትናንት ሳቢያን ተመልሼ ሄጄ ነበር። ድንኳኑ ተነስቷል። እናትየው ጓዳ ምስር እየለቀመች አገኘኋት፣ ሰፌዱን ተቀብዬ አብሬ ለቀምኩ። ብዙ ቆይታ «ታኅሣሥ ላይ ቁልቢ መሄድ ፈርቻለሁ» አለችኝ። «ከፈለግሽ አብረን እንሄዳለን፣ ካልፈለግሽም እዚሁ አብሬሽ እውላለሁ» አልኳት። ምስሩን ለቅመን ስንጨርስ የልጇን ፎቶ አምጥታ አሳየችኝ። ሳቁ የእሷን ይመስላል።