ሲኤንሲ ከመግዛትህ በፊት በርህን ለካ

ለገጣፎ መንገድ ዳር ታፔላ እሠራለሁ። ሲኤንሲ፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቁረጫ ማሽን፣ ከመግዛቴ በፊት ለዓመታት ፊደል የቆረጥነው በጂግሶ፣ በእጅ በሚያዝ የኤሌክትሪክ መጋዝ፣ ነበር። «ሌ» እግር ላይ ያለችው ቀለበት ስንት አክሪሊክ (መስታወት የሚመስል ፕላስቲክ) እንደበላችብኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

መጀመሪያ ሥራህን ቁጠር። ያለፉትን 3 ወራት ደረሰኞች አውጣና የትኛውን ማቴሪያል አብዝተህ እንደቆረጥክ እይ። አክሪሊክ ከሆነ ሲኦቱ ሌዘር፣ በጨረር የሚቆርጠው ማሽን፣ ጠርዙን እንደ መስታወት አለስልሶ ያወጣልሃል። አሉኮቦንድ (ሁለት ጎኑ አሉሚኒየም፣ መሃሉ ፕላስቲክ የሆነ ሉህ) እና ወፍራም ፎም ቦርድ ከበዛ ግን ሲኤንሲ ራውተር፣ በሚሽከረከር ቢት ማለትም መቁረጫ ጫፍ የሚቆርጠውን፣ ያዝ። የፒቪሲ ፎም ቦርድ ሌዘር ውስጥ እንዳታስገባ! ክሎሪን ያለበት ጋዝ ያወጣል፤ ሳንባህንም ማሽኑንም ይበላል።

መጠኑስ? ሉሁ ብዙውን ጊዜ 1.22 በ2.44 ሜትር ስለሆነ 1325 የሚባለው፣ 1.3 በ2.5 ሜትር የሚቆርጠው፣ ይበቃሃል። እኔ የማሽኑን ቦታ ለካሁና በሩን ረሳሁ። ማሽኑ ደጅ አደረ፣ ያውም በሐምሌ ዝናብ፣ ሸራ ለብሶ። በማግስቱ ግድግዳ አፈረስን። ባለቤቴ እስካሁን ታነሳብኛለች።

መብራት ሌላ ጣጣ ነው። ማሽኑ ስሪ ፌዝ (ከተለመደው የቤት መብራት የተለየ ባለ ሦስት መስመር ኃይል) የሚፈልግ ከሆነ የቆጣሪህን ጉዳይ ሳትጨርስ ቀብድ አትክፈል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥል እንደሆነም ሻጩን ጠይቅ። በአፍ አትመን፤ ሥራ መሃል አስጠፍተህ አስቀጥለው።

ፍላሽ ይዘህ ሂድ። በራስህ ፎንት የተጻፈ «ሌ» እዚያው ዓይንህ እያየ ይቁረጡልህ። 6 ሚሊ ቢት 4 ሚሊ ቀለበት ውስጥ አይገባም። ትንንሾቹ ቢቶች ዋጋው ውስጥ አሉ ወይ ብለህ ያኔ ጠይቅ።