ባክቴሪያ የሚገድል የናኖፋይበር ሽፋን በደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ እንዴት ይሠራል?

የናኖፋይበር ሽፋን ከቁስል መሸፈኛ እስከ አፍንጫና አፍ መከለያ ማጣሪያ ያገለግላል። አንዱ ክር ከመንዝ በግ ፀጉር በብዙ አሥር እጥፍ ይቀጥናል። ክሩ የሚሠራው ከፍተኛ ቮልቴጅ ከመርፌ ጫፍ የሚወጣውን ፈሳሽ ወደ መሰብሰቢያ ስቦ ሲያቀጥነው ነው። መሣሪያው ብዙ አይደለም፦ መርፌ የተገጠመለት ሲሪንጅ፣ ቀስ ብሎ የሚገፋው ፓምፕ፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጥ የኃይል ምንጭና በአሉሚኒየም ፎይል የተሸፈነ መሰብሰቢያ። ሥራው ግን የሠለጠነ ሰው ባለበት ቤተ ሙከራ ብቻ ይሠራ፤ ይህ ቮልቴጅ ይገድላል።

መጀመሪያ 10 ግራም ፖሊቪኒል አልኮል (በውኃ የሚሟሟ ፕላስቲክ መሰል ነገር) በ90 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውኃ ይሟሟ። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃው 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ስለዚህ ዕቃውን ከድኖ፣ ከ80 እስከ 85 ዲግሪ ላይ እያማሰሉ መታገሥ ይሻላል። ለብቻው ደግሞ 2 ግራም ኪቶሳን (ብዙውን ጊዜ ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት የሚገኝ ነገር) በ98 ሚሊ ሊትር ሁለት በመቶ አሴቲክ አሲድ ይሟሟ። ባክቴሪያውን የሚገድለው ኪቶሳን ነው፤ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙሌቱ አሉታዊ ሙሌት ባለው የባክቴሪያው የውጭ ገጽ ላይ ተጣብቆ ያፈርሰዋል። ብቻውን ወደ ክርነት አልለወጥ ስለሚል ለአንድ እጅ የኪቶሳን ፈሳሽ ሦስት እጅ የፖሊቪኒል አልኮል ፈሳሽ ይቀላቀልበታል። በመጨረሻም ከፖሊመሩ (ከፖሊቪኒል አልኮሉና ከኪቶሳኑ) ክብደት አሥር በመቶ የሚሆን ሲትሪክ አሲድ ይጨመር።

ከመርፌው ጫፍ እስከ መሰብሰቢያው 15 ሴንቲ ሜትር ይተው፤ ፓምፑ በሰዓት ግማሽ ሚሊ ሊትር ይግፋ። ቮልቴጁ ከ10 ኪሎ ቮልት ተነሥቶ በዝግታ ወደ 15 ይውጣ። የደጋው አየር ስስ በመሆኑ ብልጭታ ከቆላው፣ ለምሳሌ ከሸዋ ሮቢት፣ ቀድሞ ይመጣል። ሲመጣ ርቀቱን ማስፋት ነው። ሐምሌና ነሐሴ እርጥበቱ ክሮቹን ስለሚያጣብቅ መሣሪያው እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ባለበት የተዘጋ ሳጥን ውስጥ ይሁን። መርፌውን ከመንካት በፊት ኃይሉን አጥፍቶ በምድር ሽቦ ማራገፍ ግዴታ ነው።

ብዙዎች ነጩን ሽፋን አይተው ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። ውኃ ሲነካው ግን ይሟሟል! በ140 ዲግሪ ምድጃ አንድ ሰዓት ያህል ሲቆይ ሲትሪክ አሲዱ ክሮቹን ያስተሳስራል። ከዚያ ቁራሹን ለ24 ሰዓት ውኃ ውስጥ አቆይቶ ማየት ነው። ከሟሟ ማሞቂያው ጊዜ ይረዝማል።

ፍተሻው ከመጀመሩ በፊት ሽፋኑ በደንብ ይታጠብ፤ የቀረው አሲድ ራሱ ባክቴሪያ ገድሎ ያሳስታል። ኪቶሳን ከሽፋኑ ብዙም ስለማይወጣ ባክቴሪያ በሚበቅልበት ፔትሪ ሳህን ላይ፣ በሽፋኑ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት የጠራ ክብ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ስታፊሎኮከስ ኦሬስና ኢ. ኮላይ የተባሉትን ባክቴሪያዎች ከሽፋኑ ጋር በ37 ዲግሪ አቆይቶ በሕይወት የቀሩትን መቁጠር፣ ኪቶሳን ከሌለበት ሽፋንም ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። የሕዋስ መርዛማነት ፍተሻና የሚመለከተው ባለሥልጣን ፈቃድ ሳይኖር ግን በማንም ቁስል ላይ አይደረግ።