በፈረስ ወደ ወንጪ ሐይቅ ለመውረድ እንዴት መዘጋጀት ይገባል?

የወንጪ ሐይቅ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በወሊሶና በአምቦ ከተሞች መካከል፣ እሳተ ገሞራ በፈጠረው ጥልቅ ጎድጓዳ ውስጥ ይገኛል። የፈረስ ጉዞው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው አፋፍ ተነሥቶ ወደ ሐይቁ ዳርቻ ይወርዳል። ተራራ የሚወጣ ሰው ጉልበቱ ሳይደክም ዳገቱን ጨርሶ ሲመለስ ይወርዳል፤ ወንጪ ላይ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ዳገቱ የሚመጣው ፈረሱም ተጓዡም ከደከሙ በኋላ ነው። ስለዚህ የመነሻ ሰዓቱም፣ ስንቁም፣ የፈረሱም ምርጫ ይህን የመመለሻ ዳገት ታሳቢ አድርጎ መታቀድ አለበት።

ለጉዞው የሚመቸው ከመስከረም መጨረሻ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። በክረምት መንገዱ ጭቃ ስለሚሆን የፈረስ ኮቴ ያንሸራትታል፤ በእኔ እምነት በዚያ ወቅት ቁልቁለቱን በፈረስ መውረድ ጨርሶ አይገባም። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ያለ ቢሆንም ጠዋትና ማታ ብርዱ ብርቱ ነውና ወፍራም ልብስ ያስፈልጋል። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ የሰየመው ይህ ስፍራ ከመዲናይቱ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚቻል በመሆኑ፣ ፈረስ ረጋ ብሎ ለመምረጥ ከቅዳሜና እሑድ ይልቅ የሥራ ቀን ይሻላል።

ከአዲስ አበባ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ መነሣት ተገቢ ነው። በጅማ መንገድ ሰበታን፣ ተፍኪንና ቱሉ ቦሎን አልፎ ወሊሶ ከደረሱ በኋላ ወደ ወንጪ ይታጠፋል፤ ሲመለሱ በአምቦ፣ በጊንጪና በሆለታ በኩል መምጣት ይቻላል። ከፍታው ከአዲስ አበባም ስለሚበልጥ፣ ከባሕር ወለል ብዙም ከማይርቅ አገር ለዕረፍት የመጣ ዘመድ አብሮ ካለ ቢያንስ ሁለትና ሦስት ቀን አዲስ አበባ ቆይቶ ቢሄድ ይመረጣል።

ፈረስ የሚያከራዩት የአካባቢው ገበሬዎች ናቸው። ከመውጣትዎ በፊት የፈረሱን፣ የሚስበውን ሰውና የጀልባውን ዋጋ ለየብቻ ይጠይቁ፤ ፈረሱ ዳርቻው ላይ የሚጠብቅበትም ጊዜ በሒሳቡ ውስጥ መኖር አለመኖሩን አስቀድመው ይስማሙ። ጥሬ ገንዘብ መያዝም አይዘንጋ።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ፈረሱን ማየት ነው። ኮርቻው ከመጫኑ በፊት ጀርባውን በእጅ መዳሰስ፣ ቁስል ወይም እብጠት መኖሩን መመልከት ያስፈልጋል፤ ከኮርቻው በታች የተደረበው ጨርቅ ብዙ ጊዜ ቁስል ይሸፍናል። ልጓሙ የሚያርፍበትን የአፉን ጠርዝና ጠፍሩ የሚያልፍበትን የሆዱን ሥር ካዩ በኋላ፣ ጥቂት እርምጃ እንዲሄድ ይጠይቁና አለማነከሱን ያረጋግጡ። ቁስል ያለበትን ፈረስ መተው ለእንስሳው ምሕረት ነው፤ ባለቤቱም እንዲያስታምመው ያደርገዋል። ፈረሰኞች እንደ መመሪያ የሚይዙት ልክ፣ ፈረስ ከራሱ ክብደት ከአንድ አምስተኛ በላይ፣ ኮርቻው ጭምር ታስቦ፣ መሸከም የለበትም የሚል ነው። የደጋው ፈረስ ብርቱ ቢሆንም አካሉ ትንሽ ነውና፣ ከባድ ሰው ዳገቱን ከፊሉን በእግሩ ለመውጣት ራሱን ያዘጋጅ።

ፈረስ ጠፍሩ ሲታሰር ሆዱን የመንፋት ልማድ ስላለው፣ ጥቂት ከተጓዙ በኋላ ቆመው ጠፍሩ እንደገና ጠበቅ ተደርጎ እንዲታሰር ያድርጉ፤ ይህ ከተረሳ ኮርቻው ቁልቁለት ላይ ወደ ጎን ይዞራል። እርካብ ውስጥ መግባት ያለበት የእግር ፊተኛው ክፍል ብቻ ነው፤ ተረከዝ ያለው ጫማ እግር ወደ ውስጥ ሾልኮ እንዳይያዝ ይከላከላል። ቁልቁለት ላይ ወደ ኋላ፣ ዳገት ላይ ወደ ፊት ዘንበል ይበሉ፤ መንገዱ በጣም ገደላማ ሲሆን ግን ወርዶ በእግር መሄድ ይሻላል። ሕፃናት የራስ መከላከያ ይልበሱ፤ ፈረሳቸውም በሰው ይሳብ። የአካባቢው ቋንቋ ኦሮምኛ ነው፤ «ሱታ» ማለት «በቀስታ» ማለት ስለሆነ ይህችን ቃል ማወቅ ብዙ ይጠቅማል።

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ጠፍሩ ይላላ፣ ፈረሱም ውኃ ይጠጣ፣ ሣርም ይጋጥ። ወደ ደሴቲቱ፣ የቂርቆስ ገዳም ወዳለበት፣ የሚኬደው በጀልባ ነውና ለገዳሙ የሚገባ ልብስ፣ ለሴቶች ነጠላና ረዘም ያለ ቀሚስ፣ ከቤት መያዝ አለበት። ስንቅ ሲዘጋጅ ረቡዕና ዓርብ ቢሆን አብረው የሚጓዙ ጿሚዎች ይታሰቡ። በሸለቆው ያለውን ፍል ውኃ ለማየት ከፈለጉ ደግሞ ፈረሶቹ በየትኛው ዳርቻ እንደሚጠብቁ ጀልባው ሳይነሣ ይነጋገሩ።

የመመለሻው ዳገት ቢዘገይ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ መጀመር አለበት። በየመሐሉ ፈረሱ ትንፋሹ እስኪረጋ ያሳርፉት። አፋፉ ላይ ሲደርሱም ኮርቻው ወርዶ ጀርባው አለመላጡን ከባለቤቱ ጋር አብረው ካዩ በኋላ ሒሳብዎን ይክፈሉ።